«ሰው ካልሞላ አይጀመርም» ይሉኛል

ኧረ በናታችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም በወጉ የሚታይበት ቤት የት ሄደ? በወጉ ስል ሰፊ አዳራሽ ማለቴ ነው። ትልቅ ስክሪን። የምር የጨለመ ጨለማ። ደረት ድረስ የሚሰማ ድምፅ። በተባለው ሰዓት የሚጀምር ፊልም። በየጊዜው አዲስ ሕንፃ የሚመረቅበት ከተማ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ ደህና ፊልም ልይ ብሎ የወጣ ሰው መግቢያ ያጣል። ብሶቴ ይሄ ነው፤ ዛሬ ልተንፍሰው።

ሰሞኑን እናቴን ይዤ ወጣሁ። «እስቲ አንድ ቀን ሲኒማ ውሰደኝ» ካለችኝ ቆይታለች። በወጣትነቷ ሲኒማ የማታጣ ሰው ናት። ያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ስትዘጋጅ ዋለች። የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ለክፉም ለደጉም ብላ ሻሽ ጨመረች። የሄድንበትን ቤት ስም አልጠራም። ብዙዎቹ እንዲያው ናቸውና አንዱን ነጥሎ መውቀስ አይገባም።

ሊፍቱ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ድረስ የደረጃውን ብረት እየያዘች፣ እያረፈች ወጣች። ትኬት ቆራጯን ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቅኳት።

«12 ሰዓት ነው፤ ግን ሰው ካልሞላ አይጀመርም።»

«ስንት ሰው ነው መሙላት ያለበት?»

«እንደ ሁኔታው ነዋ።»

እንደ ሁኔታው! 12 ሰዓት አለፈ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን፤ ለእናቴ ወንበር የሚያመጣላት እንኳ አልተገኘም። ሰው ሲጠራቀም አስገቡን። መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ። የምስሉ ጫፍ ከስክሪኑ አልፎ ጣሪያው ላይ ወድቋል። ተዋናዮቹ ሲያወሩ አገጫቸው ይታያል፣ ግንባራቸው የለም። ለቢሮ ስብሰባ በሚሆን ፕሮጀክተር ነው የሚያሳዩት። የሌሊት ትዕይንት በመጣ ቁጥር ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፤ ግራጫ ነው። ሰውዬው ቢላ ይዞ ይምጣ አበባ ይዞ ይምጣ የሚለይ የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የኮሪደሩ ነጭ መብራት ስክሪኑ ላይ ያርፋል።

ከፊታችን የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ጮኸ። አነሳው። «አዎ ፊልም ቤት ነኝ… አይ፣ ችግር የለም፣ አውራ» አለ። አወሩም። ከጎኑ ያለችው ስክሪኑን በስልኳ እየቀረጸች ነው። ሠራተኛ ፈልጌ ወጣሁ፤ አንድም ሰው አላገኘሁም።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ይሄማ ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ነው እኮ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ደረጃ ያስወጣኸኝ?» አለችኝ። መጀመሪያ አሳዘነችኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ምክንያቱም እሷ ሲኒማ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው። ኤምፓየር ነው። አምባሳደር ነው። መርካቶ ሲወረድ ራስና አዲስ ከተማ ነው። እነዚህ ቤቶች ለሰፈር ስም እስከመሆን የደረሱ ናቸው፤ «አምባሳደር ጋ እንገናኝ» የሚል ሰው ሁሉ ፊልም ሊያይ አይደለም የሚሄደው። ስም የሆኑት ግን ሕዝብ ስላጎረፉ ነው። እሑድ ከሰዓት ሰው ምርጥ ልብሱን ለብሶ የሚሄድባቸው ቤቶች ነበሩ። ጫማ ይጠረጋል፤ ፀጉር ይሠራል። የሲኒማው ደጅ ራሱ መታያ ነው። ፖስተሩ ሥር ቆሞ «ቀጣይ ፊልም» የሚለውን እያነበቡ መከራከርም አለ።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። ተንቀሳቃሽ ምስል እዚህ አገር በምኒልክ ዘመን የደረሰ ነገር ነው። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ተብሎም አልቀረም፣ ገብቶ አየ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ከተማችን ውስጥ ሲኒማ ቤት ሲሠራ ለእኛ አስቦ አልነበረም። ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ሕግ ያወጣ አገዛዝ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ራሱ በዚያ ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ነው። ጣሊያን ተባረረ፤ ሕንፃው ዳግም ተሠርቶ በ1948 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል ተመረቀ። ከ1 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ፣ ደጁ ላይ የድንጋይ አንበሳ። ለሌላ ሰው የተጀመረ ቤት የእኛ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ከተማ ዛሬ ፊልም የሚያየው በቢሮ ፕሮጀክተር መሆኑ አያናድድም?

እኔ የደረስኩት መጨረሻው ላይ ነው። ቢሆንም አይቻለሁ። ሱፍ ወይም ለውዝ በወረቀት አስጠቅልለን እንገባለን። ዘግይቶ የመጣውን አስተናጋጁ በባትሪ እየመራ ያስቀምጠዋል። ከፊት ርካሹ፣ ከላይ ሰገነቱ። ሰገነት የሚወጣው ፍቅረኛ ያለው ነው፤ እኛ ከፊት ነን። አንገታችንን አንጋጠን ነው የምናየው። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይን አይገባም። ፈረስ ሲጋልብ ከግራ ወደ ቀኝ ራሳችንን እያዞርን ነው የምንከተለው። የአንድ ሰው ፊት ብቻውን ከቤታችን ግድግዳ ይበልጣል። ሲያለቅስ እንባው ሲወርድ ትከተለዋለህ።

የሕንድ ፊልም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ዘፈኑን የማያውቅ የለም። እናትና ልጅ ሲለያዩ አዳራሹ በሙሉ ይነፋረቃል። ከጎንህ ያለውን ሰው አታውቀውም፤ ግን አብራችሁ ታለቅሳላችሁ። አክተሩ ሲደበደብ «ተነስ!» ይባላል። አይሞትም፤ አክተር እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። ቢያውቅም ይጨነቃል። ሲነሳ ደግሞ ያ ጭብጨባ! ፊልሙ ከተቆረጠ ፉጨቱ አይጣል ነው። «ኦፕሬተር!» የሚለው ጩኸት ከየአቅጣጫው ይነሳል።

ኦፕሬተር ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰፈራችን ልጅ አጎቱ የፊልም ኦፕሬተር ነበር። አንድ ቀን ለምነን ወደ ክፍሉ አስወጣን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ይሞቃል፤ የጋለ ብረትና የዘይት ሽታ አለው። ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የፊልም ጥቅል 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አንደኛው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው መቀበል አለበት። እንዴት ያውቃል መሰላችሁ? ከስክሪኑ በስተቀኝ ላይኛው ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል። 7 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሌላ ክብ ብልጭ ስትል ይቀይራል። ሰውዬው እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን በትንሿ መስኮት አሻግሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ አየሁት። ቀጭ አደረገው። ታች የተቀመጠው ሕዝብ ምንም አልታወቀውም። እሱ ግን ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ባየሁ ቁጥር ያቺን ክብ ነው የምፈልጋት። ዛሬ የለችም። የእኔ ቁጭት ግን ማሽኑ መቀየሩ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ለምስሉ የሚጨነቅ ሰው ነበረ። አሁን ፍላሽ ሰክቶ፣ አስጀምሮ፣ ቡና ሊጠጣ የሚወርድ ነው ያለው።

«ዘመኑ ተቀየረ፣ ምን ታደርገዋለህ» የሚሉኝ አሉ። ገብቶኛል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች ፊልሙን በጥቅል መላክ ትተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ደህና ማሽን ለመግዛት ብዙ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልግ ነበር። ሲዲ አዟሪው አለ። ቀጥሎ ዩቲዩብ መጣ። በ2012 ኮሮና አዳራሾቹን ሁሉ ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሶፋውን ለመደ። ቀላል ፈተና አይደለም። የድሮው ሁሉ ያማረ ነበርም አልልም። ወንበሩ ትኋን ነበረው። ሽንት ቤቱ አይነሳ። ግን እነዚህ በሳሙናና በመድኃኒት የሚስተካከሉ ነገሮች ነበሩ። ለትኋን ብለን አዳራሽ አንጣ።

ደግሞ ሰው ሲኒማ ጠላ የሚለውን አልቀበልም። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛ ፊልም የፈላ ጊዜ ፒያሳ የነበረውን ሰልፍ ረሳችሁት? ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ይሄድ ነበር። ዓለም ሲኒማ ቦሌ መንገድ ላይ ሲከፈት፣ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲከፈት እንዴት ደስ ብሎን ነበር! ሕዝቡ ሲሰጡት ይመጣል። ችግሩ የተሰጠው ነገር ነው። 12 ሰዓት ብለህ ጠርተህ ኮሪደር ላይ ስታቆመው፣ ግንባር የሌለው ተዋናይ ስታሳየው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ይምጣ? አልመጣም ብለህ ደግሞ «ሰው ካልሞላ አይጀመርም» ትለዋለህ። የሚሞላው እኮ በሰዓቱ ስትጀምር ነው! ሦስትም ሰው ቢገባ ጀምር። ሦስቱ ወጥተው ለሌላው ያወራሉ። ድሮ ሳንቲም ያጣ ልጅ እንኳ ፊልሙን ያየው ልጅ ሲተርክለት ነበር ለሚቀጥለው ሳምንት ሳንቲም የሚያጠራቅመው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የራሳችን ፊልም ነው። በ2007 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ለካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ፈረንጅ ያን የደጋ ተራራ፣ ያን ጭጋግ በግዙፍ ስክሪን አየው። የማውቃቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ያዩት በስልክ ነው፤ ተራራው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አክሎ። ያ ተራራ የእኛ ነው። ትልቁን መልኩን የማየት መብት ያለን እኛ ነበርን።

አስመራን ተመልከቱ። ሲኒማ ኢምፔሮ በአውሮፓውያን 1937 የተሠራ ነው፤ እስከነ ፊቱ፣ እስከነ ስሙ ቆሟል። ከተማዋም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ስትሰፍር እንዲህ ያሉ ሕንፃዎቿ ናቸው ያስከበሯት። እኛ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እነ ዶሮ ማነቂያ ሲሄዱ አየን። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፤ ማታ የእግር ጉዞ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ያን ሁሉ ሰው ወደዚያ ሰፊ መንገድ ካወጣችሁት በኋላ የት ልትልኩት ነው? ካፌ ብቻ? ሰው ከሥራ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ ስቆና አልቅሶ የሚወጣበት ቤት በፕላኑ ላይ አለ? ካለ አሳዩኝ፣ ዝም እላለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰዓት አክብሩ። ምስሉን ከስክሪኑ ጋር ግጠሙት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የደከመ አምፖል ቀይሩ። ስልክ የሚያወራውን የሚያስወጣ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቁም። እኛም ተመልካቾቹ ስልካችንን እንዝጋ፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አንችልም።

ትልልቁን አዳራሽ ለያዛችሁ ሥራ አስኪያጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቴአትር የሌለበት ምሽት አለ። ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ ለእናንተ የማይጠቅም፣ ወንበሩ ባዶ የሚያድርበት ቀን። ያን ቀን ለፊልም ስጡን። የድሮ የአማርኛ ፊልም ይሁን፣ የሕንድ ይሁን፣ አዲስም ይሁን፤ በደህና ማሽን፣ በትልቁ ስክሪን፣ 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት። ትኬቱን እንቆርጣለን፤ ሰውም እንጠራለን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡና አዳራሽ የሚመራ የምታውቁ፣ እባካችሁ አድርሱልኝ።