ለአንድ ጥርሳም አሻንጉሊት

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ አሻንጉሊት ከየት መጣ ሳይባል የልጅ ሁሉ ሕልም ይሆናል። ባለፈው ወር ላቡቡ የሚባለውን ጥርሳም አሻንጉሊት ስሙን እንኳ የማያውቀው ልጄ ዛሬ እሱን ካልገዛህልኝ ብሎ ምሳውን ገፍቶ አኩርፏል። ምን እንደሚሠራበት ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ሁሉም ልጆች አላቸው» አለኝ። ጥቅሙ ይኸው ነው!

እሺ ብዬ ሄድኩ። የሱቁ በር ሳይከፈት ሰልፉ ማዕዘኑን ዞሯል። ተራዬ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ የቀረው የዋጋ ወረቀቱ ብቻ ነበር። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ስድስት ታቅፎ ሲወጣ የልጆች አባት መስሎኝ አዝኜለት ነበር። ማታ ስልኬን ብከፍት ስድስቱም በሦስት እጥፍ ዋጋ ተደርድረዋል፤ ያ ወፍራም ቀለበቱ ከፎቶው ጥግ ይታያል።

እብደቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካውያን ወላጆች ለካቤጅ ፓች አሻንጉሊት ተጋፍተው ተጎድተዋል፤ በ1996 ሲኮረኩሩት የሚስቀው ኤልሞ የተባለ አሻንጉሊት መጣ። በ2025 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ በላቡቡ ሰልፍ ጠብ ተነሥቶ የሱቅ ሽያጩ ለጊዜው ተቋርጧል። ላቡቡ ደግሞ ይብሳል፤ ሳጥኑ የታሸገ ስለሆነ የትኛው እንደደረሰህ የምታውቀው ከፍለህ ከከፈትከው በኋላ ነው። ያልፈለግከው ከወጣ ሌላ ግዛ! ይህ ሎተሪ እንጂ መጫወቻ ነው? ሎተሪውን ለሕፃን ልጅ የምቆርጠው ደግሞ እኔው ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ሱቅ በር ላይ ነኝ። ያን ባለቀለበት ከፊቴ ካገኘሁት ግን አልምረውም።