ይድረስ ለክቡር «የወቅቱ ዋጋ»

ይድረስ በሆንግ ኮንግ የባሕር ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ፣ ቁጥር መቀመጥ በነበረበት ቦታ ተደላድለው ለተቀመጡት፣ ለክቡር የወቅቱ ዋጋ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከኪሴ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሜኑ ስገልጥ ጎረቤቶችዎን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰው ጎመን «78 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነኝ» ይላል። የተጠበሰው ሩዝ «88» ይላል። ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እንኳ፣ ያ ምስኪን፣ ዋጋውን አይደብቅም። በእንፋሎት የበሰለው ዓሣ ጋ ስደርስ ግን ቁጥር የለም። እርስዎ ነዎት ያሉት። ሁለት የቻይና ፊደል ሆነው፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ቆመዋል።

አገር ቤትም ዘመድ አለዎት። ቴሌግራም ላይ ጫማ ይለጠፋል። ከሥሩ አንዱ «ዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ነው። የአክስትዎ ልጅ መሆን አለበት። ልዩነታችሁ፣ ጫማው ዋጋው እስኪነገር ይጠብቃል። እርስዎ ቤት ዋጋው የሚሰማው ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሼ መርካቶ ሱቅ አላቸው። በዓመት ሁለቴ ቻይና፣ ጓንዡ እየሄዱ ዚፕና ቁልፍ ይጭናሉ። በዚህኛው ጉዞ የሆንግ ኮንግ ቪዛ ተሳካላቸውና «አንተ ያለህበትን ሳላይማ አልመለስም» ብለው በፈጣኑ ባቡር ተሻገሩ። እኔም የእህታቸው ልጅ ነኝ፣ ላከብራቸው ይገባል ብዬ ሳይ ኩንግ ወሰድኳቸው። ባሕሩ ዳር የመስታወት ገንዳ መደዳውን የተደረደረበት ሰፈር ነው። ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ሎብስተሩ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይቀምሱም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ጋሼ «ይበላል» ከሚሉት ወገን ናቸው፤ አስታራቂም አይፈልጉም።) አሳማ ረቡዕም ባይሆን አይታሰብም። ሽሪምፑ፣ ሸርጣኑ፣ ሎብስተሩ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የላቸውምና በኦሪት ቀሩ። ከዚያ ሁሉ ገጽ እነዚህን ሲሰርዙ የሚተርፉት ጎመኑ፣ ቶፉውና እርስዎ ናችሁ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ አጎት ደግሞ ቶፉ አይጋበዝም።

አስተናጋጇን ጠርቼ ወደ ስምዎ ጠቆምኩ።

«ሲ ጋ» አለች።

በካንቶንኛ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሥጋ ነው እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ፣ ‹የወቅቱ ዋጋ› ማለቷ ነው።»

«እና የወቅቱ ስንት ነው?»

«እሱን አልጻፉትም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አርባ ዓመት የነገደ ሰው አስተያየት ነው። ከዚያ ወዲህ ስምዎን ባየሁ ቁጥር ያ አስተያየት ትዝ ይለኛል።

ወደ ገንዳው ሄድን። የጎማ ቦት ያደረገ ሰውዬ መረብ ይዞ ቆሟል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ሊለጥፉ ደረሱ። ቅርፊት እየፈለጉ ነበር። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ዓሣ ቀስ ብሎ በፊታቸው አለፈ። «ይኼ አለው» አሉ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ «የምሥራቅ ኮከብ» ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። «ሰብአ ሰገልን የመራው?» አሉና ሳቁ። ያ ወደ ቤተልሔም መራ፤ ይኼኛው የመራው ወደ ኤቲኤም ነው።

ጣታቸው መስታወቱን ከመንካቱ መረቡ ውኃ ውስጥ ገባ። እኔ አፌን እስክከፍት ዓሣው ፌስታል ውስጥ ይንፈራገጣል፤ ፌስታሉ ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዷል። ሰውዬው አንድ ነገር ጮኸ። አስተናጋጇ ወረቀቷ ላይ ጫር አደረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ኦኬ?»

ክቡርነትዎ የሚኖሩት እዚህች «ኦኬ?» ውስጥ ነው። ገብቶኛል። እንግዳ አጠገቤ ቆሞ «ስንት ነው?» ብዬ ልጠይቅ? «ተወደደ» ብል አጎቴን ከዓሣ አሳነስኳቸው። «ትንሹን አምጪልን» ብል ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ መርካቶ ይገባል። ጋሼም በበኩላቸው ጋባዡን ላለማሳፈር ጸጥ አሉ። እኚህ ሰው እኮ ጓንዡ ውስጥ ከአንድ ዚፕ ላይ ሳንቲም ለማስቀነስ ከነጋዴው ጋር ካልኩሌተር እየተቀባበሉ ግማሽ ቀን የሚሟገቱ ናቸው። እኔን ይሉኝታ ያዘኝ፤ እሳቸውን ይሉኝታ ያዛቸው፤ ዓሣውን ሰውዬው ያዘው።

«ኦኬ» አልኩ።

ወንበራችን ላይ ተመልሰን ወረቀቱን አየሁት። ክብደቱ በኪሎ አይደለም፤ በ«ጋን» ነው። ጋሼ ጋን ሲሉ የታያቸው የጠላው ጋን ነው፤ አልፈረድኩባቸውም። የሆንግ ኮንግ ጋን ወደ 605 ግራም ይሆናል፤ ውስጡ 16 ሌንግ አለ። ጋሼ ጓንዡ የለመዱት ደግሞ 500 ግራም የሚመዝነውን፣ ለአሥር የሚከፈለውን ነው። ባቡሩ ድንበር ሲሻገር ጋኑም ወፍሯል ማለት ነው። የእኛ ዓሣ አንድ ጋን ከ12 ሌንግ ይላል። ይህ በባዶ ሆድ የሚሠራ ሒሳብ ነው? ቤቴ ገብቼ ሠራሁት፤ አንድ ኪሎ ከ58 ግራም ገደማ ነው። ፌስታሉ ውስጥ አብሮ የተንቦጫቦጨው ውኃ ከዚህ ውስጥ ይኑር አይኑር ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። እኛ አገር ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ የእርስዎ ጋን በውኃ ሳይደገፍ አልቀረም።

ዓሣው እስኪበስል ሻይ መጣ። ጋሼ ዙሪያውን ሲያዩ ሰው ሁሉ ሳህኑንና ቾፕስቲኩን በትኩስ ሻይ ያለቀልቃል። «ሳንበላ ዕቃ እናጥባለን?» አሉ፤ ግን አጠቡ። ሻይ ሲቀዳልህ ሁለት ጣትህን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ማድረግ ምስጋና እንደሆነም አስተማርኳቸው። ወደዱት። ሳንጠይቅ የመጣችውን አንዲት ሳህን ኦቾሎኒም ወደዱ። እሷም ሙያተኛ መሆኗን ያወቅነው በኋላ ነው።

ዓሣው መጣ። ክቡር ሆይ፣ ጠላትዎ ብሆንም እዚህ ላይ አልዋሽም። ሙሉውን ነው፣ ከነራሱ፣ ራሱም ወደ ጋሼ ዞሮ። ላዩ ላይ እንደ ክር የተከተፈ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል፣ በላዩ የጋለ ዘይት፣ ከሥሩ ስስ አኩሪ አተር መረቅ። ዘይቱ ገና ችስ ይላል። ሥጋው በቾፕስቲክ ነካ ሲያደርጉት ለቀቅ ብሎ ይለያል። አጥንቱ ጋ ገና ሮዝ ልትሆን ምንም አልቀራት። የካንቶን ምግብ አብሳይ የሚኮራው በቅመም አይደለም፤ እሳቱን በደቂቃ ቆጥሮ በማውጣት ነው። ዓሣው ከግማሽ ሰዓት በፊት ይዋኝ ካልነበረ ይህ ሁሉ አይሠራም። በርበሬ ባይኖርበትም ጋሼ አላማረሩም። ከዚህ በላይ ምስክር አላቀርብም።

አንደኛው ወገን ሲያልቅ ልገለብጠው ስል አስተናጋጇ «ኖ፣ ኖ!» ብላ መጣች። ዓሣ ከተገለበጠ ጀልባ ይገለበጣል ይላሉ ዓሣ አጥማጆቹ። አከርካሪውን ከላይ አንሥታ የታችኛውን ሰጠችን። ጋሼ ምክንያቱን ስነግራቸው «ለጀልባው እንዲህ ከተጨነቁ ለእኛም ሳያስቡልን አይቀሩም» አሉ።

አላሰቡልንም። ሒሳቡ መጣ። ጋኑ በ480 ዶላር፣ የምሥራቁ ኮከብ ብቻውን 840። ሁለት ሩዝ 30። ጎመን 78። ያ ዕቃ ያጠብንበት ሻይ በነፍስ ወከፍ 18። ኦቾሎኒዋ 20። በዚህ ሁሉ ላይ አሥር ከመቶ የአገልግሎት። 1104 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ጋሼ ካልኩሌተራቸውን አወጡ፣ ወደ ብር መቱት፣ ያዩትን ሳይነግሩኝ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሳይታወቃቸው ሁለት ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ።

መቼም ሐቅዎን መንፈግ አልወድም። ባሕር ሱፐርማርኬት አይደለም። በደቡብ ቻይና ባሕር በፈረንጆች አቆጣጠር ከሜይ 1 እስከ ኦገስት 16 ዓሣ ማስገር እንደሚከለከል አውቃለሁ። ሆንግ ኮንግም ከፈረንጆቹ 2012 መጨረሻ ጀምሮ የባሕሩን ወለል የሚጠርገውን መረብ በራሷ ውኃ ከልክላለች፤ ደግ አደረገች። ከገንዳው ዓሣ ብዙው ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከአውስትራሊያ ነፍሱ እንዳለች የሚመጣ ነው። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባ አይወጣም። የጨረቃው አዲስ ዓመት ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ዓሣ ይፈልጋል፤ በቋንቋቸው ዓሣና ትርፍ በአንድ ድምፅ ነው የሚጠሩት። ትርፉ ለማን እንደሆነ ድምፁ አይናገርም። ስለዚህ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፣ እሺ። የቲማቲምም ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። የአትክልት ተራ ነጋዴ ግን «ዛሬ ይኼን ያህል ነው» ይልሃል። «በልተህ ስትጨርስ እነግርሃለሁ» አይልም።

የሰሜኑን ዘመድዎንም ሰምተናል። በፈረንጆቹ 2015 ቺንግዳው በምትባል የቻይና ከተማ አንድ ሰው ሽሪምፕ በ38 ዩዋን አዘዘ፤ ሒሳቡ ሲመጣ 38ቱ ለአንድ ሳህን ሳይሆን ለአንድ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ አገር አወቀው፣ ምግብ ቤቱም 90,000 ዩዋን ተቀጣ። እሱ እንኳ ቁጥር ጽፎ ነበር። እርስዎ እኮ ለመቀጫ የሚሆን ቁጥር እንኳ አይተዉም።

ግን እኔን ያበሸቀኝ ሒሳቡ አይደለም። ልንወጣ ስንል ገንዳው ጋ ያየሁት ነው። አንዲት አሮጊት፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ሰውዬው መረቡን ገና ሳያነሣ «ጌይ ዶ ቺን ያት ጋን?» ብለው ጮኹ። አንዱ ጋን ስንት ነው ማለት ነው። ነገራቸው። ሳቁበት። ሌላ ጠቆሙ፤ እሱንም ነገራቸው። «ይኼ ተኝቷል» አሉት፣ ዓሣውን። ወጥቶ ሲመዘን ፌስታሉን ራሳቸው ዘቅዝቀው ውኃውን አንጠፈጠፉ። በመጨረሻ ከሁሉም ትንሹን፣ ባሉት ዋጋ፣ ብርቱካን እንዲመረቅላቸው ተስማምተው ገቡ። ማንም አላፈረም። ሰውዬው እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል።

ለካ ለጠየቀ ሰው እርስዎ ቁጥር ነዎት። ክቡር የሚሆኑት ለእንደ እኔ ዓይነቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ሜኑ አይታተም፤ ወጪ አይብዛባችሁ። አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ገንዳው አጠገብ ትንጠልጠል። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው በጠመኔ «ዛሬ ጋኑ ይኼን ያህል» ብሎ ይጻፍባት። ማታ ይደምሰሰው። እንዲህ የሚያደርጉ ባለ ገንዳዎች አሉ፤ አልከሰሩም። እስከዚያው እኔም «ጌይ ዶ ቺን ያት ጋን»ን ሻወር ውስጥ እየተለማመድኩ ነው። ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ትናንት ከማዶ ሆኖ አረመኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጠረጴዛ ቁጥር 15 ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ ጋሼ ከመርካቶ ደወሉ። አዲስ ያስገቡት ዚፕ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ምን የሚል? «የወቅቱ ዋጋ።»

«ጋሼ! እና ሰው ይገዛል?»

«እንደ ሰውየው ይሉኝታ ነው» አሉኝ።