የአራስ ቅቤ ኬላ ላይ ቀረ

እህቴ ሮተርዳም ወለደች። አራስ ቤት ያለ ገንፎ፣ ገንፎም ያለ ቅቤ አይሆንም። እዚህ ለንደን ቅቤ ገዝቼ በኮሰረትና በኮረሪማ አነጠርኩና በፖስታ ላክሁላት። አልደረሳትም። ጉምሩክ ያዘው፣ ተጣለ።

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለች፤ ከኅብረቱ ውጪ ካለ አገር ደግሞ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ለግለሰብ በፖስታ መላክ ክልክል ነው። እስከ 2020 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ይሄንኑ ቅቤ ያለ ምንም ወረቀት እልክላት ነበር! ጃንዋሪ 2021 ላይ የሆላንድ ፈታሾች ከእንግሊዝ በመጡ ሹፌሮች እጅ የነበረውን ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ሲወስዱ በቴሌቪዥን ታየ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። ድሬዳዋ አጠገብ ደንገጎ ኬላ ላይ ከመኪና ወርዶ ሻንጣው የተበረበረ፣ ለልጁ የገዛው ሱሪ ኮንትሮባንድ ነው የተባለበት የድሬ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ ያውቃል።

የሚያንገበግበኝ ከኅብረቱ እንውጣ አንውጣ ሲባል የተወራው ነው። ጁን 2016 ላይ በሕዝበ ውሳኔው 52 በመቶው እንውጣ፣ 48 በመቶው እንቆይ አለ። እኔ ስሰማ የከረምኩት ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ብራስልስ ነው። ስለ አራስ ቤት ማን ያወራል?

የእኛ ሰዎችም ተጨነቁ። የሆላንድና የስዊድን ፓስፖርት ይዘው መጥተው እዚህ ልጆች ያሳደጉ ሰዎች እስከ ጁን 30 ቀን 2021 የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቱ ተባሉ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ስልክ ለመደወል እንኳ ልጅ የሚጠሩ እናቶች ፓስፖርታቸውን በአፕ ስካን አድርጉ ሲባሉ አስቡት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ጠፍቶ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆነ፤ ነዳጅ እንዲያመላልሱ ወታደሮች ተጠሩ። ኮቪድም አለበት፣ እውነት ነው። ግን ወደ አገራቸው የገቡት የምሥራቅ አውሮፓ ሹፌሮች እንደ ድሮው ዝም ብለው መመለስ አይችሉም ነበር።

ድሬ በ1902 ባቡሩ ደርሶላት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጅቡቲ መንገድ ሲጠብ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ምን እንደሚመስል፣ አሮጌው ባቡር ሲቆም ከዚራ ሰፈር እንዴት ጭር እንዳለ ለእናንተ ለድሬ ሰዎች አልነግርም።

ኢትዮጵያም በ2019 የአፍሪካን ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት አጽድቃለች። ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ስለሱ ሲወራ የምሰማው ስለ ፋብሪካና ስለ ኤክስፖርት ብቻ ነው። አቦ፣ ካርቶን ሳሙና ይዛ ከጅቡቲ የምትመጣው ሴትስ? ኬላው ላይ ስንት ትከፍላለች? ደረሰኝ ይሰጣታል ወይ? ዕቃዋ ቢያዝ ለማን ነው አቤት የምትለው? ስብሰባ ሲጠሯችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁልኝ።