ሙሽራውን ሚዜ ያደረገ መመሪያ

አንድ የአዲስ አበባ አዳራሽ ሰሞኑን ያወጣውን መመሪያ ያልሰማ የሙዚቃ ሰው ያለ አይመስለኝም። ላልሰማ፦ ግራንድ ፒያኖው ከእንግዲህ የሚከፈተው ለፒያኖ ሶሎ ብቻ ነው፤ ፍሉት፣ ቫዮሊን ወይም ድምፃዊ ካለበት መድረኩ ላይ ኪቦርድ ይደረጋል። በቅርቡ ለሚቀርበው የፍሉትና የፒያኖ ምሽትም ይኸው ተወስኗል። ምክንያት ተብለው የተደረደሩት ሦስት ናቸው፤ ፒያኖው በእንዲህ ያለ ዝግጅት አጃቢ እንጂ ዋና አይደለም፣ ግራንዱ ፍሉቱን ይውጠዋል፣ ማስቃኘት ደግሞ ወጪ ነው።

«አጃቢ» የምትለዋን ቃል የጻፈው ሰው የፕሮግራሙን ወረቀት ገልጦ እንኳ እንዳላየ እወራረዳለሁ። በእኛ አገር አጃቢ ማለት ሙሽሮቹን በመኪና ተከትሎ ጥሩምባ የሚያስጮኸው ነው፤ እሱ ቢቀር ሰርጉ አይቀርም። በፍሉትና በፒያኖ ሶናታ (ብዙ ክፍል ያለው የመሣሪያ ድርሰት) ውስጥ ግን ሁለቱም ሙሽሮች ናቸው። አንዱን ሚዜ አድርጋችሁ ዳር ካቆማችሁት የምትደግሱት ምንድን ነው?

በታሪክ እንሂድ ከተባለማ ነገሩ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1764 ለንደን ሳለ፣ ገና በ8 ዓመቱ፣ ስድስት ሶናታዎች ጽፏል፤ የሞዛርት ሥራዎች በተዘረዘሩበት በኬኸል መዝገብ ከቁጥር 10 እስከ 15 ያሉት ናቸው። የተጻፉት ከፒያኖ በፊት ለነበረው ባለቁልፍ መሣሪያ፣ ለሀርፕሲኮርድ ሲሆን፣ ቫዮሊን ወይም ፍሉት ያጅበዋል ተብሎ ነው የታተሙት። አጃቢው ፍሉቱ ነበር ማለት ነው! የባኽን የቢ ማይነር የፍሉት ሶናታ፣ በሥራዎቹ መዝገብ ቁጥር 1030ን፣ ውሰዱ። የሀርፕሲኮርዱን የቀኝ እጅ ድምፅ ለተጫዋቹ ፈጠራ አልተወውም፣ ኖታ በኖታ ራሱ ጽፎታል። ፍሉቱ አንድ ድምፅ፣ ቀኝ እጅ ሁለተኛ፣ ግራ እጅ ሦስተኛ። ሦስት ሰው የያዘው ወግ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የሚናገሩት በፒያኒስቱ ጣቶች ነው።

ሴዛር ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1886 ለቫዮሊን የጻፈውን፣ ፍሉት ተጫዋቾችም የራሳቸው ያደረጉትን ሶናታ የሰማ ደግሞ አራተኛውን ክፍል አይረሳም። ዜማውን ፒያኖው ይጀምራል፣ ፍሉቱ አንድ ባር (አንድ የምት ክፍል) ቆይቶ ያንኑ ዜማ እግር በእግር ይከተላል። በእኛ ዘፈን ቋንቋ አውጪው ፒያኖው፣ ተቀባዩ ፍሉቱ ነው። የፕሮኮፊየቭ የፍሉት ሶናታ እ.ኤ.አ. በ1943 ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ፒያኖው ላይ የነበረው ታላቁ ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪኽተር ነው። ፑላንክ የራሱ ሶናታ እ.ኤ.አ. በ1957 ስትራስቡርግ ሲቀርብ ፍሉቱን ለዣን ፒየር ራምፓል ሰጥቶ ፒያኖው ላይ ራሱ ተቀመጠ። በመመሪያው መሠረት ሁለቱም ኪቦርድ ይበቃቸው ነበር።

ግራንዱ ፍሉቱን ይውጠዋል የሚለው ቢያንስ ከእውነተኛ ችግር ይነሳል። የፍሉት የታችኛው ኦክታቭ (ስምንት ኖታ የሚያካልለው ዝቅተኛው ክፍል) ደካማ ነው፤ ከመካከለኛው ሲ ወደ ላይ ያሉት ጥቂት ኖታዎች ላይ ከባድ ግራ እጅና ሳይለቀቅ የተረሳ ፔዳል (ድምፁን የሚያቆየው የእግር መርገጫ) ሲደረብ ፍሉቱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ግን የፒያኒስቱ ጆሮና እጅ ነው፤ ባሱን ማቅለል፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መቀየር። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም (ይህም የሚወደድ ልማድ ነው) የሚያስቀረው የድምፁን ጥራት ነው፤ የባሱ ጉርምርምታ እንዳለ ይቀመጣል። ክዳኑን በአጭሩ መደገፊያ ዘንግ ደግፎ በከፊል መክፈት ለብዙ አዳራሽ ይበቃል። ፍሉት ተጫዋቹ የሚቆመው ፒያኖው በሚታጠፍበት ጎን፣ ፊቱን ወደ ታዳሚው አድርጎ ነው። ያን ጊዜ የፍሉቱ ጫፍ ወደ ፒያኒስቱ ያመለክታል፤ ተጫዋቹ ትንፋሽ ሲስብ ጫፉ ትንሽ ከፍ ሲል ፒያኒስቱ ያያል፣ አብረው ይገባሉ። ሁለቱ ድምፆችም ከአንድ ቦታ ተነስተው፣ ተዋህደው ነው ታዳሚው ጆሮ የሚደርሱት።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ኪቦርድ አስቀምጡና የሚከተለውን መዘዝ ቁጠሩ። የኪቦርድ ድምፅ የሚወጣው ከድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያዎቹ መድረኩ ግራና ቀኝ ቆመው ወደ ታዳሚው ስለሚመለከቱ መድረክ ላይ ያለው ፍሉት ተጫዋች የሚሰማው የታፈነ ጭራውን ነው። ስለዚህ ወደ እሱ የሚዞር ሌላ ማጉያ ይመጣል። ፒያኖው በማጉያ ከወጣ ፍሉቱ ለብቻው ባዶ አየር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ማይክ ይመጣል። ማይኩ የት ይቁም? የፍሉት ትንፋሽ በመንፊያው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከፊሉ ወደ ፊት ያመልጣል። ማይኩን ልክ እንደ ዘፋኝ ከአፉ ፊት ካቆሙት ታዳሚው የሚሰማው «ፉፉፉ» ነው። ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ከላይ ቢያዘነብሉት ትንፋሹ ይቀንሳል፣ ግን አሁን ያን ወደ ተጫዋቹ የዞረውን ማጉያ ማንሳት ይጀምራል፤ አዳራሹ ያፏጫል። ፉጨቱን ለማስቆም የድምፅ ባለሙያው ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጣል፤ የፍሉት ውበት ያለው እዚያው ቀጭኑ ላይ ነው። የደረቀውን ለማለስለስ ብሎ ደግሞ ኤኮ ይጨምርበታል። ተጫዋቹ ከስሜቱ ጋር ዘወር ባለ ቁጥር ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወራት ቁጭ ብለው «እዚህ ላይ አንተ ቀለል አድርግ፣ እዚያ ላይ እኔ» እየተባባሉ ያስተካከሉት ሚዛን መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር በተቀመጠና ሶናታውን ሰምቶት በማያውቅ ሰው ጣት ሥር ይወድቃል። ፍሉቱን ከመዋጥ አዳንነው የሚሉት ይህንን ነው።

ኪቦርዱ ራሱስ ምን ዓይነት ነው? መድረክ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ 61 ቁልፍ ናቸው፤ ሙሉ ፒያኖ 88 አለው። ፍራንክ በግራ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ቁልፉ ያልቅና እጅ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የብዙዎቹ ፔዳልም እንደ መብራት ማብሪያ ነው፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ ግማሽ ረግጦ ድምፁን ማሳሳት የለም።

ኪቦርድ ከቅኝት አይወጣም፤ ይህን አልክድም። ለቤት ልምምድም ሸጋ ነው። ነገር ግን «ፒያኖው ካልተቃኘ ለፍሉት አይሆንም» ብሎ ኪቦርድ የሚያመጣ አስተዳደር ፒያኖውን ችላ ማለቱን በራሱ አፍ እየተናዘዘ ነው። በእርግጥ ያልተቃኘ ፒያኖ ፍሉትን ይገድላል። ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይመጣና ለዘፈኑ የሚስማማውን ይመዛል። ፍሉት ተጫዋች ግን ያለው አንዲት ፍሉት ናት፤ ብዙዎቹ ፍሉቶች ደግሞ ኤ 442 ላይ (ኤ የተባለው ኖታ በሰከንድ 442 ጊዜ እንዲርገበገብ) ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ፒያኖው 435 ላይ ወርዶ ከጠበቀው ልዩነቱ ወደ 28 ሴንት ነው (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)፤ ለመድረስ የፍሉቱን ራስ (መንፊያው ያለበትን ክፍል) ተጨማሪ 6 ሚሊሜትር ያህል መሳብ አለበት። ችግሩ ሁሉም ኖታ እኩል አለመውረዱ ነው። ቱቦው አጭር የሚሆንባት፣ ከመካከለኛው ሲ ከአንድ ኦክታቭ በላይ ያለችው ሲ ሻርፕ 33 ሴንት ያህል ስትወድቅ መካከለኛው ሲ ራሱ፣ የፍሉቱ የታችኛው ኖታ፣ 16 ብቻ ይወርዳል። ተጫዋቹ ምሽቱን ሙሉ በከንፈሩ ኖታ ሲያቃና ያመሻል፤ ታዳሚው «ዛሬ ፍሉቱ ትንሽ ተበላሸ» ብሎ ይወጣል።

መፍትሔው ምሥጢር የለውም። የፒያኖ የድምፅ ጣውላ እንጨት ነው፤ ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ አውታሮቹን ይወጥራል፣ በጋ ሲደርቅ ያላላቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ወቅቱ ተለውጦ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ደግሞ ኮንሰርቱ ባለበት ቀን፣ የመድረኩ መብራት በርቶ አዳራሹ ከሞቀ በኋላ ይቃኛል። እንደ ላዩ ምሳሌ ብዙ የወረደ ከሆነ በአንድ ቀን ቅኝት አይረጋም፤ መጀመሪያ በግርድፉ ይሳባል፣ ከዚያ በጥንቃቄ ይቃኛል፣ ቀናት ቆይቶ ይደገማል። ከመስኮት ፀሐይ ይራቅ። የአበባ ማስቀመጫና የውኃ ብርጭቆውም ከክዳኑ ላይ ይነሳ፤ ቡፌ አይደለም። ይህ ሁሉ ወጪ ከማጉያዎቹ፣ ከማይክና ከባለሙያው ክፍያ ጋር ተነጻጽሮ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ።

አስተዳዳሪዎቹ ከኮንሰርቱ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ግራንዱን ከፍተው ፒያኒስቱ የቀኙን ፔዳል ብቻ ረግጦ እጁን ያንሳ። ፍሉት ተጫዋቹ ወደ አውታሮቹ ጎንበስ ብሎ አንዲት ኖታ ጠንከር አድርጎ ይንፋና በድንገት ያቁም። ማንም ሳይነካቸው አውታሮቹ ያንኑ ኖታ መልሰው ሲያንሾካሹኩ ይሰማሉ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ይድገሙት።