የበረኪና ሽታ ንጽሕና አይደለም

ብዙ ቤት ውስጥ ጽዳት የሚለካው በአፍንጫ ነው። በሩ ሲከፈት በረኪና ካልሸተተ «ዛሬ አልተጸዳም እንዴ?» ይባላል። አስም ላለበት፣ ወይም ቲቢ ጠባሳ ጥሎበት ለሄደ ሳንባ ግን ያ ሽታ ሳል ቀስቃሽ፣ ደረት አፋኝ ትነት ነው። የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከተጸዳ በኋላ ምንም መሽተት የለበትም።

በረኪና ቆሻሻ አያነሳም። ሥራው ጀርም መግደል ነው፤ ቅባትና አፈር ካገኘ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ለሳሎንና ለመኝታ ክፍል ውሃና ጥቂት ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በረኪና የሚያስፈልገው ለመጸዳጃ ቤት፣ ወይም ትውከትና ደም ለነካው ቦታ ነው፤ ያውም በሳሙና ከታጠበ በኋላ። መጠኑም በግምት አይሁን። 5 ከመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር (4 የሻይ ማንኪያ) በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በጨርቅ መቀባት፣ 10 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ። ሙቅ ውሃ ትነቱን ያብሰዋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የተቀመጠ በረኪና ጥንካሬው ስለማይታወቅ ሕመምተኛ ላለበት ቤት አይሆንም።

ከሁሉ የሚከፋው መቀላቀል ነው። በረኪና ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ከተጨመረበት የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ አፋኝ ጋዝ ይሆናል፤ የቆየ ሽንትም አሞኒያ አለው፣ ስለዚህ መጸዳጃውን አስቀድሞ በብዙ ውሃ መልቀቅ ያስፈልጋል። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ጤነኛውም ይታፈናል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን፣ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻላችሁ ሁለት ዓይነት ማጽጃ በአንድ ቦታ አትጠቀሙ። የጽዳት ሠራተኛ ሳንባ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የሚያጸዱ ሴቶች የሳንባ አቅም ከማያጸዱት ይልቅ በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የሚረጭ ማጽጃም ይቅር። ብናኙ በአየር ላይ ተንሳፍፎ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ያው ፈሳሽ ጨርቅ ላይ ሲፈስ ግን እጅግ ያነሰ ነው የሚተነው። ተራ የአፍና አፍንጫ ጭንብልም ጋዝ አያስቀርም።

አቧራው ሌላ ጣጣ ነው። ደረቅ መጥረጊያ ከወለል አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል። የአፈር ወለል ከሆነ ውሃ አርከፍክፎ መጥረግ የእናቶች የቆየ ብልሃት ነው፤ ሴራሚክና ጣውላ በእርጥብ መወልወያ። ከላይ ወደ ታች ይጸዳ። አንሶላና ትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ቢታጠብ በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮች ይሞታሉ።

ሕመምተኛው ጽዳቱ ሳይጀመር ይውጣ፣ ወለሉ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋም አይመለስ። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር ይከብዳል፤ ቤቱ ተጸድቶ ሲያልቅ የሚጨሰው ዕጣን፣ ከነከሰሉ፣ የተደከመበትን ሁሉ ያፈርሳል። ዕጣኑ ለዚያ ቤት ይቅርበት።

ማጽጃ ተቀላቅሎ ዓይን ማቃጠል ከጀመረ ጠርሙስ ለመክደን ወይም ውሃ ለመድፋት አትቆዩ፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የታዘዘለትን ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ይውሰድ። ካልቀለለው፣ ንግግሩን መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። ክሎሪን የገባበት ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ሳሉ ቢቆምለትም ያን ሌሊት ብቻውን አታሳድሩት።