ቃል መቆጠብን ከእንግሊዝኛ ተማሩ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን በአባካኝነት የሚያማ ሰው ካለ ይፈር። እነዚህ ሰዎች በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመውን ባለ 20 ቅጽ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት መደርደሪያ ላይ ደርድረው፣ ኑሯቸውን ግን በጣት በሚቆጠሩ ቃላት የሚገፉ ቁጥቦች ናቸው። ረጃጅሞቹ ቃላት ለእንግዳ እንደተቀመጠ ስኒ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰነብታሉ። የዕለቱን ጭነት ባለ ሦስት ፊደል አህዮች ይሸከሙታል።

«ራን» የምትባለዋን ተመልከቱ። መሮጥ ማለት ናት ብለው መምህራችን ነግረውን ነበር፤ እኛም አምነን ደብተራችን ላይ ጻፍን። ለካ የነገሩን ቀብዱን ኖሯል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይህችን አንዲት ግሥ ዘጠኝ ወር ተሸክሞ 645 ፍቺ ተገላገለ። ከእርሷ በፊት የረጅሙ ሐተታ ባለቤት «ሰት» (ማስቀመጥ) ነበረች፤ በ1989ኙ እትም እርሷን ለማብራራት ብቻ 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። እርሷም ባለ ሦስት ፊደል ናት።

በእነርሱ ዘንድ እንግዲህ አፍንጫ ይሮጣል። ቧንቧ ይሮጣል። ሞተር መኪናው ቆሞ ሳለ ይሮጣል። ቀለም ከታጠበ ጨርቅ ላይ ይሮጣል። ሥራ አስኪያጁም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ መሥሪያ ቤቱን ያሮጠዋል። ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው አሜሪካ ውስጥ ይሮጣል፣ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ይቆማል፤ ከተመረጡ በኋላ ግን ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። የእኛን ብክነት ከዚህ ጋር ሳስተያየው አፍራለሁ። ንፍጥ ይወርዳል፣ ውሃ ይንቆረቆራል፣ ሞተር ይሠራል፣ ቀለም ይለቃል፣ ዕጩ ይወዳደራል፣ ሥራ አስኪያጅ ያስተዳድራል። ለስድስት ጉዳይ ስድስት ግሥ! በዚህ አያያዛችን ግሡ እስከ መቼ ይበቃናል? (ሐቁን ለመናገር እኛም ዱላን፣ ድርቅንና ሎተሪን በአንድ «መታ» እናዳርሳለን። ከበረታን ተስፋ አለን።)

ይህ ሁሉ ገና በመዝገብ የሰፈረው ነው። እውነተኛው ጥበብ ያለው በአራዳ ቋንቋቸው ውስጥ ነው። የእኛ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ዓመታት ደጅ ይጠናል። እነርሱ ጋ አንድ ወጣት «ሲክ» ይላል፤ ሰሙ በሽታ፣ ወርቁ «እጅግ ግሩም» ነው። «ባድ» ይላል፤ ሰሙ መጥፎ፣ ወርቁ አንደኛ ነው። መምህር የለ፣ ዜማ የለ፣ የትከሻ እንቅስቃሴ ብቻ ይበቃል። «ቦምብ»ን ጨምሩበት። ብሪታንያዊው ድግሱ እንደ ቦምብ ሄደ ካለ ሠመረ ማለቱ ነው። አሜሪካዊው ቲያትሩ ቦምብ ሆነ ካለ ተመልካቹ አዛጋ ማለቱ ነው። መካከል ላይ የቆመ ባዕድ የቱ ላይ ማጨብጨብ፣ የቱ ላይ ማልቀስ እንዳለበት ራሱ ይወቅበት።

ከወራት በፊት አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባልደረባዬን አብረን የምንሠራው የትርጉም ሥራ እንዳለ ነግሬ ይሠራ እንደሆነ በመልእክት ጠየቅሁት። «አይ አም ዳውን» ብሎ መለሰ። ዳውን ታች ነው፤ ሰውየው ወድቋል ብዬ ደነገጥሁ። ሥራውን ትቼ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል፣ ብቻህን አይደለህም» የሚል አራት መስመር ማጽናኛ ጻፍሁለት። እርሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከ። በዚያው ሰዓት ሌላዋ ባልደረባችን «አይ አም አፕ ፎር ኢት» አለች። ቢያንስ አንዷ ሽቅብ ናት ብዬ አመሰገንሁ። ኋላ ሲገለጥልኝ ወደ ታች ያለውም፣ ወደ ላይ ያለችውም «እሺ፣ እሠራለሁ» ነው ያሉኝ። ላይንና ታችን አንድ ቦታ ያገናኘ ሌላ ሕዝብ ካለ አሳዩኝ።

እንዲህ ያለው ቁጠባ ደግሞ እርስ በርስም ያፋቅራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የብሪታንያ መኮንኖች አንድ ሰነድ በአስቸኳይ እንዲታይ ፈልገው «ቴብል» እናድርገው አሉ፤ ጠረጴዛ ላይ እናቅርበው ማለታቸው ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን ያው ቃል መሳቢያ ውስጥ ከትቶ መርሳት ነበር። ቸርችል በጦርነቱ ትዝታው እንደጻፈው፣ ሁለቱ ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑ እስኪገለጥላቸው ድረስ ረጅምና መራራ ክርክር አካሄዱ። የጋራ ቋንቋ ባይኖራቸው ኖሮ አስተርጓሚ ቀጥረው በአሥር ደቂቃ ይጨርሱት ነበር፤ ግን ያ ወጪ ነው።

የቁጠባው ዘውድ ግን «ኦኬ» ናት። በ1839 አንድ የቦስተን ጋዜጣ በጊዜው ፋሽን በነበረ ቀልድ «ሁሉ ትክክል» የሚለውን ሐረግ ሆን ብሎ በተሳሳተ ፊደል አሳጥሮ አወጣት። ትክክል ነው የምትለው ቃል ሁለቱም ፊደሎቿ ስሕተት ናቸው። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ዳግም ለመመረጥ ሲወዳደር፣ የትውልድ መንደሩን ኪንደርሁክን ይዘው «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚሉት ደጋፊዎቹ መፈክር አደረጓት። እርሱ ተሸነፈ፤ እርሷ ዓለምን ያዘች። ዛሬ ተስማማሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ደህና ነህ ወይ፣ በቃ ዝም በል፣ ልሂድ ለማለት እርሷው ታገለግላለች። ባል ለሚስቱ ሲላት የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፤ እነርሱም አይስማሙ ይሆናል።

እኔ ግን በትጋት ተማርሁ። የትርጉም ሥራዬን የመጀመሪያ ክፍል በላክሁለት ጊዜ ባልደረባዬ «ሲክ» ብሎ መለሰልኝ፤ ታመመ ብዬ ልጨነቅ ስል ራሴን ገታሁ፤ ጠየቅሁ፤ ሙገሳ መሆኑን ተረዳሁ፤ ደብተሬ ላይም አሰፈርሁት። ባለፈው ሳምንት ማለዳ ደግሞ «አይ አም ሲክ» የሚል አጭር መልእክት ደረሰኝ። ራሱን ማወደሱ ትንሽ ቢከብደኝም፣ ሰው በሥራው መኩራቱ ደግ ነው ብዬ «መቼ ጠፋኝ! በርታ፣ እንዲሁ ዝለቅ» ስል ጻፍሁለት።

ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ነበር።