አዲስ ሰልባጅ፣ አሮጌ መጽሐፍ

ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ጭነቱን ካራገፈባት ጊዜ ጀምሮ ነግዳ አዳሪ ናት። እኛም ልጆቿ መሸጥ እናውቅበታለን። ታይዋን ገበያ ገብቶ ሳይገዛ የወጣ እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው አንድ ሸሚዝ አነሳሁ። አንገትጌው ላይ የቀድሞው ጌታው ላብ ቢጫ መስመር አስምሮበታል፤ ሦስተኛው ቁልፉ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም።

«አዲስ ነው?» አልኩት ሻጩን።

«አቦ! ቦንዳው የተፈታው እኮ ዛሬ ጠዋት ነው!»

አልዋሸም። ፈረንጁ ስንት ዓመት ለበሰው የሚለው የፈረንጁ ጉዳይ ነው። ከፈልኩና ሸሚዜን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ጥላ ሥር መጻሕፍት ዘርግቶ ወደሚሸጥ ወዳጄ ሄድኩ። አንዲት ተማሪ በ2006 ዓ.ም. ያሳተምኩትን የግጥም መጽሐፍ አንስታ ታገላብጣለች። ልቤ ምቱን ጨመረ። ገጾቹ ከመቁረጫው ማሽን እንደወጡ ጫፍና ጫፋቸው ተጣብቋል፤ በጣቷ ስታላቅቃቸው ጠሽ ጠሽ ይላሉ። የሰው ዓይን አርፎባቸው አያውቅም። መጀመሪያው ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱን አየችና «ውይ፣ የቆየ ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ሸሚዙ ክንዴ ላይ አዲስ ነው። መጽሐፉ መሬት ላይ አሮጌ ነው። ይህን ጥበብ ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

መጽሐፍ በእኛ ዘንድ ሙሽራ ነው፤ የሚነግሠው አንድ ቀን ነው። የእኔም ነግሦ ነበር። ምረቃው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ተብሎ ተጠራ። የድሬን 9 ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። የአዳራሹ ቬንትሌተር ቆሟል፣ የክብር እንግዳው 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተቆረጠ። ሐያሲው ተነሥተው «ሴራው ልብ አንጠልጣይ ነው» አሉ። ግጥም መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ታዳሚው ግን መጽሐፌን በእውነት ተጠቀመበት፦ መቶ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ያራግብበት ጀመር። 96 ገጽ ለማራገቢያ ልክ ነው፤ ሳይከብድ ነፋስ ይሰጣል። ግጥሞቼ ሰው ሲያቀዘቅዙ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ መጽሐፉ አሮጌ ሆነ። ሟች በሦስተኛው ቀን ሰልስት፣ በአርባው ቀን ተዝካር አለው፤ መጽሐፍ ግን ከተመረቀ ወዲያ ስሙን የሚያነሳ የለም። ደራሲውን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አዲስ ምን እየሠራህ ነው?» የፊተኛውን አንብቦ የጨረሰ እንዳይመስላችሁ። ሳያነቡ የሚቀጥለውን መጠየቅ የክብር አጠያየቅ ነው።

አንዳንድ ነገሩ የማይገባቸው ሰዎች ግን በየዘመኑ አይጠፉም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያንኑ የታተመና የተሸጠ መጽሐፍ ይዞ ሬዲዮ ጣቢያ ገባና እያነበበ ይተርክ ጀመር። ኬክ የለ፣ የክብር እንግዳ የለ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ሬዲዮኑን ከቦ ለሰብለ ወንጌል አለቀሰ። የቆየ መጽሐፍ ላልሰማው ሰው አዲስ ነው ብሎ ማሰብ እንዲህ ያለ መዘዝ ያመጣል። እኛ ይህን ስሕተት አልደገምንም። ኤፍ ኤሞቻችን ኳስ አላቸው።

ምስጋናዬ ዋጋ ፋቂዎቹንም ይጨምራል። መጽሐፌ ጀርባ ላይ «ዋጋ 38 ብር» የሚል ታትሟል። ወዳጄ በላዩ 250 የሚል ወረቀት ለጥፎበታል፤ ወረቀትና ቀለም የደረሱበትን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጎልማሳ ቆሞ ወረቀቱን በጥፍሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሎተሪ፣ ፋቀው። «አቦ! 38 ይላል እኮ!» ጮኸ። በ38 ስጠኝ፣ አልሰጥም፣ ሃያ ደቂቃ ተከራክረው ሳይገዛ ሄደ። ለደራሲ ግን ይህም ትንሽ አይደለም፤ የመጽሐፌን ጀርባ የዚያን ያህል ጊዜ ያጠና አንባቢ ኖሮኝ አያውቅም። ሸሚዜ ከቦንዳ በፊት ስንት እንደነበረ ግን የፋቀልኝ የለም።

ከሁሉም የቴሌግራም ወዳጆቼ ይበልጣሉ። መጽሐፌን ገጽ በገጽ በስልክ አንስተው ፒዲኤፍ አድርገውታል። ገጽ 41 ላይ የአንሺው አውራ ጣት ሁለት ስንኝ ሸፍኗል፤ ከዚያ ወዲህ ግጥሙ ጥልቅ ነው ይባልልኛል። አንዱ እንዲያውም «ጋሼ፣ መጽሐፍህ ተገኝቷል፣ ልላክልህ?» ብሎ ለእኔው ላከልኝ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቅለታል ይላል። ደስ ይላል። ልጆቼ አልጋዬ ሥር ያለውን ስድስት እስር መጽሐፍ የሚወርሱት ከነሙሉ መብቱ ነው።

ስለ እስሮቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ራሴንም ላመስግን። ሁለተኛ መጽሐፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ «የደራሲው ሌላ ሥራ» ብዬ የመጀመሪያውን ርዕስ አስፍሬያለሁ። የት ይገኛል፣ በማን ስልክ፣ አንድም ቃል የለ። አንድ ስንኝ እንኳ ለቅምሻ አልቆነጠርኩም። ላም አለኝ በሰማይ! ሁለቱን ባንድ አስሮ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ የሚባል ነገር አለ ሲሉኝ ይሉኝታዬ ቀፈፈው፤ የገዛ ሥራዬን «ግዙኝ» ብዬ ልዙር?

ይሉኝታዬ የተፈተነው ባለፈው ወር ነው። በምረቃው ቀን የክብር እንግዳው ፊርማዬ ያረፈበትን መጽሐፍ ወንበር ላይ ረስተውት ሄደው ነበር። ለካ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ አንስተው ወስደውታል። ለገሃር አካባቢ አገኙኝና እጄን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን የባቡሩን ፉጨት የምትለዋን እኮ በቃሌ ይዣታለሁ። ቡና ስናፈላ ልጄ ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ ጎረቤቶቼ የራሳችን ይኑረን ብለው አስቸገሩኝ። ከየት ይገዛ?»

አስቡት። ያልተጠራ ገዢ፣ ያውም ብዙ። ከቆምንበት እስከ አልጋዬ የአምስት ደቂቃ የባጃጅ መንገድ ነው። ምን ብዬ መለስኩ?

«አይ እትዬ፣ እሱ እኮ የቆየ ነው።»

ደነገጡ። «ውይ፣ እኛ አላወቅንም» አሉኝ፣ እንዳጠፉ ሁሉ።

ነገሩን ለወዳጆቼ ባወራላቸው በአንድ ድምፅ መከሩኝ፦ ሽፋኑን ቀይር፣ «ሁለተኛ እትም» በልበትና እንደገና አስመርቅ። እስሮቹ ሳይፈቱ? ሳይፈቱ! ተስማማሁ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እዚያው አዳራሽ ነው። ቬንትሌተሩ እንደቆመ ነው፤ ስለዚህ አታስቡ፣ አዲሱ ሽፋን ጠንካራ ካርቶን ነው፣ የተሻለ ነፋስ ይሰጣል።